ሞገድ በሁለት ነጥብ

¸.·´¯`·.¸¸.·´¯`·.¸¸.·´¯`·.¸

ይህቺን የምታውቋት እጃችሁን አውጡ።

ኢንተርኔት ካፌ ገብታችሁ በደቂቃ እየከፈላችሁ ያሁ ሜሴንጀር ላይ ያወራችሁ ሁሉ ታውቋታላችሁ። በእሷ ያልታጠረ ስም አልነበረም ማለት ይቻላል። «ሃይ» ከመባሉ በፊት እሷ ትመጣለች፤ «ባይ» ከተባለ በኋላ እሷ ትከተላለች። ያሁ ሜሴንጀር በ2018 ተዘግቶ ታሪክ ሆኗል (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አትደናገሩ)። እሷ ግን አልሞተችም። ቴሌግራም ላይ፣ ቲክቶክ ላይ፣ ጌም የሚጫወቱ ልጆች ስም ግራና ቀኝ ላይ እስከ ዛሬ ትሞግዳለች።

እስቲ ዛሬ ስለ እሷና ስለ ዘመዶቿ እናውራ፤ ጽሑፍን በሞገድ ቅርጽ ስለመደርደር። «አገሩ ስንት ጉዳይ እያለበት!» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለ ትልልቁ ጉዳይ የሚጽፍ ሞልቷል። ነጥብና ጭረት ግን ጠበቃ የላቸውም።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። መስመሯን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ ተመልከቷት። ስድስት ምልክት ብቻ ናት። ከመስመር በታች የምትንጠለጠለው ጭራ ፈረንሳዮች ከአንድ ፊደላቸው ሥር የሚቀጥሏት ናት። ቀጥላ መስመሩ ላይ ቁጭ ያለች ተራ ነጥብ፣ ከዚያ መሃል ላይ የተንሳፈፈች ነጥብ፣ ከዚያ ሽቅብ የምታይ ጭረት፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ የተጋደመች ሰረዝ፣ ከዚያ ቁልቁል የምታይ ጭረት፣ ከዚያ በመጣችበት መንገድ መውረድ። አንዳቸውም ለጌጥ አልተፈጠሩም። አንዷ ድምፅ ልታጠብቅ፣ አንዷ ልታስረዝም፣ አንዷ ዓረፍተ ነገር ልትዘጋ ነው የመጣችው። አንድ ቦዘኔ (ቦዘኔ የምለው በፍቅር ነው) እነዚህ ምልክቶች የሚለያዩት በትርጉም ብቻ ሳይሆን በከፍታም መሆኑን አየና በቁመታቸው ደረደራቸው። በቃ፣ ሞገድ ሆነች። ግማሾቹ ኪቦርድ ላይ እንኳ የሉም፤ የመሃሏን ነጥብ ለማግኘት «ኦልት»ን ተጭኖ 0183 መምታት ነበረባችሁ። ያንን ቁጥር በቃሉ የያዘ ልጅ ሰፈር ውስጥ ይከበር ነበር።

ይህን ሁሉ «ሥራ ፈትነት» የሚሉት ሰዎች አሉ። እኔ ግን በዚህ ነገር ላይ አቋም አለኝ፤ ሁለት ጫፍ ያለው አቋም። ፊደልን ከቦታው ማንቀሳቀስ ጨዋ ጨዋታ ነው፣ ይበርታ እላለሁ። ፊደልን በሌላ ፊደል መተካት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እቃወማለሁ። ዛሬ ሁለቱ አንድ ላይ «ማስጌጥ» ተብለው ስለሚጠሩ ነው ነገሩ የተደበላለቀው።

ከሚበረታው ልጀምር።

በ1978 «ቤዚክ ኮምፒውተር ጌምስ» የሚባል መጽሐፍ ታተመ። አዘጋጁ ዴቪድ አል ይባላል፤ በ1974 «ክሪኤቲቭ ኮምፒውቲንግ» የተባለውን መጽሔት የመሠረተው ሰው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት አንባቢው ራሱ በእጁ እየመታ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ «ሳይን ዌቭ» ትባላለች። ከጨዋታዎች መካከል ተቀምጣ ጨዋታ አይደለችም። ማሸነፍ የለ፣ መሸነፍ የለ፣ ጥያቄ የለ። ያሏት መስመሮች ጥቂት ናቸው፤ የምታደርገውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በአንዱ መስመር «ክሪኤቲቭ»፣ በቀጣዩ «ኮምፒውቲንግ» እያለች በየመስመሩ ቃሉን ከግራ ዳር የምታርቅበትን መጠን መለዋወጥ። መጠኑ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ 26 ሲደመር 25 ጊዜ ሳይን። ትምህርት ቤት የተማርነው ሳይን ከ1 አይበልጥም፣ ከአሉታዊ 1 አያንስም፤ ስለዚህ ቃሉ ከ1ኛው ቦታ እስከ 51ኛው እየሄደ ይመለሳል። ቆጠራው ከ0 እስከ 40 በሩብ በሩብ ስለሚጨምር 161 መስመር ይወጣል፤ በ25 መስመር ገደማ አንድ ሙሉ ሞገድ። ወረቀት ላይ የሚጽፍ ማሽን ከሆነ ወረቀቱ እየተንሸራተተ ሲወጣ ቃላቱ እንደ እባብ ይሳባሉ።

ሒሳብ ፈተና ላይ ሳይንን ጠልታችሁት ከሆነ (ማን ያልጠላ አለ?) ይህቺ ፕሮግራም ታስታርቃችኋለች። ምክንያቱም ለሞገድ ውበት የሚሰጠው እሱ ነው። ብዙ ልጆች ሞገድ እንሠራለን ብለው የሚሠሩት ሞገድ ሳይሆን የመጋዝ ጥርስ ነው። አንድ ቦታ ይገባሉ፣ ሁለት ይገባሉ፣ ሦስት ይገባሉ፣ ከዚያ በዚያው ልክ ይመለሳሉ። እርምጃው እኩል ስለሆነ ጫፉ ይሾላል። ሞገድ እንዲህ አይሄድም። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ አስቡ። መሃል ላይ ሲያልፍ ፈጣን ነው፤ ጫፍ ሲደርስ ይዘገያል፣ ለአፍታ የቆመ ይመስላል፣ ከዚያ ይመለሳል። የጽሑፍ ሞገድም እንደዚያው ነው፤ መሃል ላይ ትልቅ እርምጃ፣ ጫፍ ላይ ትንሽ እርምጃ። ካልኩሌተር ለማውጣት ለሰነፋችሁ እኔ አስልቼላችኋለሁ። ከግራ ዳር የሚራቀው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ 5፣ 8፣ 9፣ 10፣ 9፣ 8፣ 5፣ 2፣ 1፣ 0፣ 1፣ 2፣ 5። እርምጃዎቹን ቁጠሯቸው፤ ሦስት፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሦስት። ዥዋዥዌው ይሄው ነው።

ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊትም ነበር ነገሩ። ሉዊስ ካሮል በ1865 ባሳተመው የአሊስ መጽሐፍ ውስጥ አይጧ ታሪኳን ስትናገር ጽሑፉ ገጹ ላይ እንደ ጭራ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ወደ ታች በሄደ ቁጥርም ፊደሉ እየደቀቀ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ «ታሪክ» እና «ጭራ» የሚሉት ቃላት ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ነው ቀልዱ። ማተሚያ ቤት በእርሳስ ፊደል እያንዳንዷን መስመር በእጅ እየለቀመ በሚደረድርበት ዘመን እንዲህ ያለ ገጽ መሥራት ምን ያህል ልፋት እንደሆነ አስቡት። ያንን ሥራ ፈትነት ያለው የለም።

የእኛስ? የብራና መጽሐፍ ከፍታችሁ የምታውቁ (በፎቶም ቢሆን) የገጹ አናት ላይ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄድ ባለ ቀለም ጌጥ አይታችኋል። ስሙ ሐረግ ነው። ሐረግ አጥር ላይ የሚሳበው ተክል ነው። ሐረግ ደግሞ በሰዋስው ክፍል ከቃል ከፍ፣ ከዓረፍተ ነገር ዝቅ ያለው ነገር ነው። የዘርም ሐረግ አለ። ተክሉም፣ ጌጡም፣ ጽሑፉም በአንድ ስም የሚጠራበት ቋንቋ ይዘን «ጽሑፍ ማስጌጥ ከፈረንጅ የመጣ የልጆች ጨዋታ ነው» ስንል ትንሽ አያሳፍርም? እርግጥ ሐረግ የሚሳል ነው እንጂ ከፊደል የሚሠራ አይደለም። ለዛሬው ወሬያችን የሚቀርበው ሌላኛው ነው። አንድ ክፍል ሲያልቅ ጸሐፊው ከዳር እስከ ዳር ነጥብ ይደረድራል። ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ። ብዕሩ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ነጥቡም ዓረፍተ ነገር የሚዘጋበት ያው ነጥብ ነው። ለንባብ የተፈጠረች ምልክት በትርፍ ሰዓቷ ጌጥ ሆና ስትሠራ ማለት ነው። ያሁ ሜሴንጀር ላይ ያለው ልጅና ገዳም ውስጥ ያለው ጸሐፊ በዚህ አንድ ነገር ይገናኛሉ። (ደብተራው ቢሰማኝ ይቆጣኝ ይሆናል፤ ግድ የለም።)

አሁን ወደ ኪቦርዳችን እንምጣ። በአማርኛ ሞገድ ልሥራ ያለ ሰው ሁለት ችግር ይገጥመዋል።

አንደኛው፣ ከላይ ያየናት ተኝታ የምትሄደው ሞገድ በእኛ ምልክቶች አትሠራም። ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ ሁሉም መስመሩ መሃል ላይ ነው ቁጭ የሚሉት። ከታች የምትንጠለጠል ጭራ የለን፣ ጣሪያ ላይ የምትጋደም ሰረዝ የለን። ፡።፡።፡። ብትደረድሩ የሚወጣው መቁጠሪያ ነው እንጂ ሞገድ አይደለም። ስለዚህ የእኛ ሞገድ መቆም አለባት፤ እንደ ዴቪድ አል፣ ከላይ ወደ ታች።

ሁለተኛው የሚያናድደው ነው። የቆመች ሞገድ የምትሠራው በባዶ ቦታ ነው። ድረ ገጽ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም። አሥር ጊዜ «ስፔስ» ብትመቱ ብራውዘሩ በተለመደው አሠራሩ አንድ አድርጎ ያሳያችኋል፤ መስመር መጀመሪያ ላይ ከሆነማ ጨርሶ ይውጠዋል። ስንቱ ሞገድ በዚህ ምክንያት ተንዶ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ ቀርቷል! ፈረንጆቹ መላ ብለው ያመጡት ባዶውን ቦታ በነጥብ መሙላት ነው። ይሠራል፤ ግን ነጥብ ለእነሱ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ስለሆነ ጽሑፉ በየመስመሩ የተንተባተበ ይመስላል።

እዚህ ላይ ነው እኛ ሳናውቀው ሀብታም የሆንነው። በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች ቃልና ቃልን የሚለዩት በባዶ ነው። ባዶ ደግሞ ስለማይታይ ይዋጣል። የእኛ አባቶች ግን ቃልና ቃልን የሚለዩት በሚታይ ምልክት ነበር፤ በሁለት ነጥብ። ሁለት ነጥብ ማለት የሚታይ ባዶ ቦታ ነው! ብራውዘር አይውጠውም፣ ስልክ አይቆርጠውም፤ ለዓይን ደግሞ ትርጉሙ አሁንም «እዚህ ቦታ አለ» ነው። ፊደላችን በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሁለት ነጥብም አብሮ ገብቷል። እኛ ነን ትተን የወጣነው። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይዘውታል እንጂ ጋዜጣው፣ ልብ ወለዱ፣ ቴሌግራሙ ሁሉ በባዶ መለየት ከጀመረ ቆይቷል። ዛሬ ሁለት ነጥብን የሚመታ ሰው ካለ በአብዛኛው አራት ነጥብ የጠፋበት ሰው ነው፤ ሁለቴ መትቶ አራት ያስመስለዋል። ለዓይን አንድ ይመስላል፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። (በዚህ ላይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ዛሬ አልገባበትም።)

እንግዲህ ያቺን ቅደም ተከተል በሁለት ነጥብ፦

፡፡፡፡፡ሞገድ
፡፡፡፡፡፡፡፡ሞገድ
፡፡፡፡፡፡፡፡፡ሞገድ
፡፡፡፡፡፡፡፡፡፡ሞገድ
፡፡፡፡፡፡፡፡፡ሞገድ
፡፡፡፡፡፡፡፡ሞገድ
፡፡፡፡፡ሞገድ
፡፡ሞገድ
፡ሞገድ
ሞገድ
፡ሞገድ
፡፡ሞገድ
፡፡፡፡፡ሞገድ

እዩዋት እስቲ! ሌላም ጥቅም አላት። የእኛ ፊደላት ስፋታቸው እኩል አይደለም። «ገ» እና «ጨ» ጎን ለጎን ቢቆሙ አንዷ ሁለት ሰው የሚያህል ወንበር ትይዛለች። በዚህ የተነሳ ፈረንጆቹ በእኩል ስፋት ፊደል የሚሠሩትን ሥዕል፣ ፊት ነው፣ ድመት ነው፣ በአማርኛ ልሥራ ያለ ሰው ፎንቱ በተቀየረ ቁጥር ድመቱ ይፈርስበታል። ሞገድ ግን አይፈርስም። በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ያው አንዱ ምልክት እየተደጋገመ ስለሆነ፣ ፎንቱ ቢጠብም ቢሰፋም ሁሉም መስመር አብሮ ይጠባል፣ አብሮ ይሰፋል። ቅርጹ ይተርፋል። በአማርኛ ያለ ምንም ልዩ ፕሮግራም አምሮ ሊሠራ ከሚችለው የጽሑፍ ጌጥ ሁሉ ለእኔ አንደኛዋ እሷ ናት።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። አንድም ፊደል አልተነካም። «ሞገድ» የሚለው ቃል አሁንም «ሞገድ» ነው፤ ብትፈልጉት ይገኛል፣ ብትቀዱት ይቀዳል፣ ብታነቡት ይነበባል።

አሁን ወደማልወደው።

ስማችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል አስገብታችሁ «ያማረ» ጽሑፍ አድርገው የሚመልሱ ገጾች አሉ። ደማቅ፣ ዘመም ያለ፣ በክብ ውስጥ የገባ፣ በሞገድ የታጠረ። ብዙ ሰው ፎንት የተቀየረ ይመስለዋል። አይደለም፤ የተቀየረው ፊደሉ ራሱ ነው። ዩኒኮድ ውስጥ ለሒሳብ ሊቃውንት ተብለው የተቀመጡ የላቲን ፊደል መሰል ምልክቶች አሉ። ገጹ የሚያደርገው የእናንተን ፊደል አውጥቶ በምትኩ የሒሳብ ምልክት መደርደር ነው። ለዓይን ስም ነው፣ ለኮምፒውተሩ ቀመር።

ከእነዚህ የጌጥ ዓይነቶች መካከል አንዱ የሚገርማችሁ ነው። የሚጠቀመው በእኛ ፊደል ነው! አዎ፣ በግዕዝ ፊደል። «ጠ» ሦስት እግር ስላላት ለእነሱ ኤም ናት። «ሠ» ደብልዩ ናት። «ዐ» ኦ ናት። «ፕ» ቲ ናት። «ቿ» ደግሞ እንደምንም ተብላ ኢ ሆናለች። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ፍቅር» ብሎ የጻፈ ሰው የሚወጣለት «ረዐሀቿ» ነው። «ሳም» ብሎ የጻፈ «ነልጠ» ይሆናል። «ኪንግ» ብሎ ራሱን ያነገሠ ደግሞ «ጕጎክኗ» ተብሎ ይነግሣል። ጮክ ብላችሁ አንብቡት እስቲ። ጕጎክኗ! ጉንፋን የያዘው ሰው ሲያስነጥስ ይመስላል። በነገራችን ላይ «ጕ»ን የድሮ ጸሐፊዎች «ጕንዳን» እያሉ ይጽፉባት ነበር፤ እኛ «ጉንዳን» ብለን ጡረታ አውጥተናታል። ዛሬ ጌም ተጫዋቾች በእንግሊዝኛ ኬ ምትክ ቀጥረዋት ከእኛ የበለጠ ሥራ ሳትሰጣቸው አትቀርም።

ብራዚል ወይም ፊሊፒንስ ያለ ልጅ ይህን ቢያደርግ አልቆጣም። ፊደሉ ፊደል መሆኑንም ላያውቅ ይችላል፤ የሚያምር ቅርጽ አየ፣ ወሰደ። እንዲያውም ትንሽ ደስ ይላል፤ ቅርጹ ማማሩን መሰከረልን። የሚያንገበግበኝ የእኛው ልጅ ሲያደርገው ነው። ማርታ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ስሟን በእንግሊዝኛ አስገብታ «ጠልዪፕል» ብላ ስትወጣ አስቡት። በገዛ ፊደሏ ተጽፎ በገዛ ፊደሏ የማይነበብ ስም! «ማርታ» ብላ ብትጽፈው ሦስት ፊደል ነበር። ሁለት ነጥብ ግራና ቀኝ ጨምራ ማስጌጥ ትችል ነበር።

«ስሜ የግሌ ነው፣ ምን አገባህ?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ ስም የግል ነው። ግን ስም የሚጻፍበት ምክንያት ሌላ ሰው እንዲያነበው፣ እንዲፈልገው፣ እንዲያገኘው ነው። ማርታን የሚፈልግ የድሮ ጓደኛዋ «ጠልዪፕል» ብሎ እንዴት ይፈልጋታል? የሒሳብ ፊደላቱ እንኳ ይሻላሉ፤ ወደ መደበኛው ፊደል የሚመለሱበትን መንገድ ዩኒኮድ ራሱ ስላዘጋጀላቸው፣ ያንን የሚጠቀም መፈለጊያ ሊያገኛቸው ይችላል። ለእኛ ፊደላት ግን እንዲህ ያለ መመለሻ የለም። ሊኖርም አይገባም፤ «ጠ» ኤም አይደለችማ! «ጠ» ራሷን የቻለች «ጠ» ናት።

ሌላው ጉዳይ ትንሽ ሰፋ ይላል። ድር ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ዛሬ ደግሞ ቋንቋ የሚማሩ ማሽኖች የሚማሩት ከድር ላይ ከተለቀመ ጽሑፍ ነው። ለቃሚው ፊደሉን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ከሆነ «ረዐሀቿ»ን አማርኛ ነው ብሎ ጎተራ ያስገባዋል። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጥቂት እንክርዳድ ቢገባበት አይሰማውም፤ ስንዴው ብዙ ነው። የእኛ ስንዴ ግን በእፍኝ የሚለካ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ጽሑፍን በጆሯቸው የሚያነቡ ሰዎች ጉዳይ ነው። ማየት የተሳናቸው ወዳጆቻችን ስልክና ኮምፒውተር የሚጠቀሙት ስክሪን ላይ ያለውን ጮክ ብሎ በሚያነብላቸው ፕሮግራም ነው። ያ ፕሮግራም ውበት አያይም፤ የሚያየው ኮዱን ነው። በሒሳብ ፊደል የተጻፈ ስም ሲመጣበት አንዳንዱ እያንዳንዷን ፊደል «የሒሳብ ደማቅ እንትን» እያለ ይዘረዝራል፣ ሌላው ጭራሽ ይዘለዋል። አስቡት፤ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል መልእክት ተልኮላችሁ የላኪውን ስም ሳትሰሙ ስትቀሩ። ሞገዳችንም ከዚህ ነፃ አይደለችም። ከላይ የሠራኋትን ሞገድ የሚሰማ ሰው «ሞገድ» የሚለውን 13 ጊዜ ይሰማል፤ ፕሮግራሙ ምልክት እንዲያነብ ተደርጎ ከተስተካከለ ደግሞ ነጥቡ ሁሉ ይቆጠርለታል። ልዩነቱ ግን ቢያንስ «ሞገድ» ይሰማል። ቃሉ አለ። ለዚህም መላ አለው፤ ዋናውን መልእክት በቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር ቀድማችሁ ጻፉ፣ ሞገዷን ከሥር አድርጓት። የሚሰማው ሰው ዋናውን ሰምቶ ቀሪውን ይዝለል፤ የሚያየው ሰው ወርዶ ይደሰት። ቃል ደግሞ አትቆራርጡ። ለውበት ብሎ «ሞ» አንድ መስመር፣ «ገ» አንድ መስመር፣ «ድ» አንድ መስመር የሚያደርግ አለ። ለጆሮ ያ ቃል ሳይሆን የፊደል ቆጠራ ነው፤ ሀ ሁ ክፍል የገቡ ያህል።

ለሠሪዎች ሁለት ትንንሽ ነገር ልጨምር። የስልክ ስክሪን ጠባብ ነው። የነጥቡም የቃሉም ርዝመት ተደምሮ ከመስመሩ ካለፈ ቃሉ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርድና ሞገዷ ትሰበራለች። ስለዚህ አሥር ነጥብ ይበቃል፤ ቃሉም አጭር ይሁን። «እንኳን አደረሳችሁ» ለሞገድ አይሆንም፤ «ሰላም» ይሆናል፣ «እማዬ» ይሆናል።

ሁለተኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው። በላቲን ፊደል የሚላክ አጭር የስልክ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል። አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባበት ግን ልኩ 70 ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ ተቆርጦ በ67 በ67 ይላካል። ከላይ ያለችዋን ሞገድ ቆጥሬያታለሁ። 65 ሁለት ነጥብ፣ 39 ፊደል፣ 12 አዲስ መስመር፤ በድምሩ 116። በቴሌግራም ብትልኳት ምንም አይደል። በአጭር መልእክት ከሆነ ግን ሁለት ናት፤ የሁለት ሒሳብ ነው የሚቆረጠው። ለእማዬ ከሆነ ይቆረጥ።